ቃለ ጉባኤው ውስጥ ያልገባው ሰውዬ

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ላይ የልማት ዕቅድ ከሚያዘጋጅ ቡድን ጋር ትሠራለች። "ጋሼ፣ የባለድርሻ አካላት ዝርዝር እየሞላሁ ነው። በዓሣ አጥማጆቹ ቦታ ማንን ልጻፍ?" አለችኝ። "መልሼ ልደውልልሽ" ብዬ ዘጋሁት። እናንተ ወጣት መሐንዲሶችም ነገ ይህንኑ ቅጽ ስለምትሞሉ ለምን እንደዘጋሁት ልንገራችሁ።

ነሐሴ 1989 ዓ.ም. ነው። ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ። የመስኖ ጠለፋ፣ ማለትም ወንዙን አግዶ ውሃውን ወደ ማሳ የሚመልስ ግድግዳ፣ ልንሠራ ሕዝቡን ለማወያየት ወርደናል። የወንዙን ስም አልጠራም። ጠለፋው ዛሬም ያጠጣል፣ የሚበላበት ገበሬም ብዙ ነው። መንገድ ላይ ላንድክሩዘሩ ጭቃ ዋጠው። ሾፌራችን ጎማው ሥር ድንጋይ እየከተተ "ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ዓሣ ሽቅብ የሚወጣበት ወር ነው" አለኝ። የሐይቅ ዳር ልጅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ዓሣ ሲበላ እሾሁን የሳህኑ ጠርዝ ላይ በመስመር ይደረድራል፤ ስንት እንደሆነም ይቆጥራል። ያን ቀን ግን አልሰማሁትም። ጫማዬ ጭቃ እንዳይነካው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር።

ስብሰባው ሾላ ሥር ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ የሴቶች ተወካይ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሁሉም አሉ። ዝርዝሬ ሙሉ ነው። ካርታውን ግንዱ ላይ ለጥፌ ስንት ሄክታር እንደሚለማ አስረዳሁ። ጭብጨባ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። መንጠቆውን ባርኔጣው ላይ ሰክቶታል። በሌላው እጁ በጉንጯ በኩል ደንገል የተሰካባት ዓሣ አንጠልጥሏል። የክንድ ያህል ትሆናለች።

"ጌታው" አለኝ፣ "ይቺን ጠዋት ነው የያዝኳት። ሽቅብ ስትወጣ።" ሆዷን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ቢጫ እንቁላል መዳፉ ላይ ፈሰሰ። ሽንብራ እንደያዘ ሰው መዳፉን ወደኔ ዘረጋው። "ግድግዳችሁ ጋ ስትደርስ በየት በኩል ትዞር?"

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ "አንተ ደግሞ፣ ቁጭ በል!" አለው። እኔም ሳቅኩ። ይሄን ነው የማልረሳው። ማፌዜ አልነበረም፤ መልስ ስላልነበረኝ ነው የሳቅኩት። "እናየዋለን" አልኩት። ሰውዬው እንቁላሉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሄደ። ማታ ኩራዝ አብርቼ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። "ተሰብሳቢው ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል።" በሙሉ ድምፅ! ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ፣ ያው ነሐሴ ነው፣ ጠለፋው ሥር ልጆች ተሰብስበው አየሁ። ውሃው ሁለት ሜትር ተኩል ከሚሆነው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ዓሦቹ ይዘላሉ። ግድግዳውን በግንባራቸው ይመቱና ይወድቃሉ፣ ደግመው ይዘላሉ። ልጆቹ በቅርጫት ይለቅሟቸዋል። ጠጋ ብዬ ቆምኩ። አንዷ ሲሚንቶው ላይ ስትመታ ድምፁ በእርጥብ ጨርቅ እንደመምታት ነው። ያ ግድግዳ በኔ ስሌት የቆመ ነው። ጎኑ ላይ በደረጃ የሚያወጣ፣ በየደረጃው ውሃ የሚያቁር ቦይ ቢጨመርለት ኖሮ ቢያንስ የተወሰኑት ያልፉ ነበር። የዓሣ መሰላል ይሉታል። ተማሪ ቤት አንድ ገጽ ተምሬዋለሁ። ለፈተና አጥንቼ ረሳሁት።

ያኔ ያላወቅኩትን በኋላ ነው ያነበብኩት። ጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች አሉ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ያሉ ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መካከል በተደረጉ ጥናቶች የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህ በዋናነት የሚወቀሰው ደግሞ የወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን የሚያደነዝዘውም አለ።

አዎ፣ አጥማጁም ንጹሕ አይደለም። የኔ ሰውዬ ራሱ እንቁላል የሞላችዋን ነበር ያንጠለጠለው። አንዳንድ ባልደረቦቼ "ታዲያ ራሳቸው እየጨረሱት ምን ብለው ይወከላሉ?" ይላሉ። እኔ ግን ዓሣ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ዳር እንደሚወጣ የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘሁም። በክረምት መረብ አትዘርጉ የሚባለውስ ለማን ነው? እሱ በሌለበት ነው?

እናንተ ዘንድሮ ድሮን አላችሁ፣ ሳተላይት አላችሁ። እኛ ያን ዕድል አላገኘንም። ግን ውሃ ውስጥ ስትገቡ አላያችሁም። ላፕቶፑን ይዛችሁ ድልድይ ላይ ትቆሙና ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ። ምን አገባኝ፣ እኔም መኪና ውስጥ ነበር የተቀመጥኩት።

ሕጉ የለም እንዳትሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ዕቅዱ ሲወጣም ሲፈጸምም ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ያ ስብሰባ ሲደረግ ከጸደቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጉዳት ሊደርስበት የሚችለውን ማኅበረሰብ አስተያየት ለይቶ ይጠቅሳል። ወረቀቱ ሞልቷል። ወረቀቱን የሚሞላው ግን እንደኔ ያለ ሰው ነው።

ልጅቷን በማግስቱ ደወልኩላት። "የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩን ሊቀመንበር ጻፍኩ" አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ግን የማኅበር ሊቀመንበር ብዙ ጊዜ ሞተር ጀልባ ያለው ነው። በደንገል ታንኳ የሚወጣው፣ ወንዝ ዳር በመንጠቆ የሚይዘው ማኅበር ውስጥ የለም። እነሱን ፈልጊ፤ ሁለትም ሦስትም ጥሪ። የሚሉትን ራሳቸው ባሉበት ቃል ጻፊ፣ ከመበተናችሁ በፊት አንብቢላቸው። "በሙሉ ድምፅ" የሚለውን ቃል ደግሞ ለኔ ብለሽ ተይው።

"ስብሰባው መቼ ነው?" አልኳት።

"ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት።"

"በዚያ ሰዓት መረብ አውጥተው ገበያ ናቸው።"

ዝም አለች። ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። "ማታ ላድርገው እንዴ? የአበል ቅጹ ላይ ማታ የሚል የለም እኮ፣ ጋሼ።"

"በእስክሪብቶ ጻፊው" አልኳት።