ስለ ሊባኖስ ተኩስ አቁም ጠይቁኝ፦ ቤይሩት ካለች ሐበሻ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ በፈረንጅ ኖቬምበር 27፣ 2025 ነው፣ እስራኤልና የሊባኖሱ ታጣቂ ድርጅት ሂዝቦላህ ተኩስ አቆሙ ከተባለ ድፍን አመቱ። እኔ ቤይሩት ነው የምኖረው፣ እንጀራዬ ከአረብኛ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ስለሆነ ዜናውን ወደድኩም ጠላሁም ስሰማው ነው የምውለው። እሁድ ለት ዳሂየህ (የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ) ከተመታ ወዲህ ስልኬ በጥያቄ ስለሞላ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በሃይማኖት ለመሰዳደብ የመጣ ካለ ይለፈኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ ተኩስ ቆሟል እየተባለ መሃል ከተማ ያለ ፎቅ እንዴት ይመታል? ማነው ያፈረሰው?

መልስ፦ እሁድ የተመታው ዳሂየህ ውስጥ ያለው ሃረት ህሬይክ የሚባለው ሰፈር ነው፣ የሂዝቦላህ ዋና የጦር አዛዥ ሃይተም ታባታባኢና አብረውት የነበሩ አራት ሰዎች ሞቱ። እስራኤል መልሰው እየታጠቁ ነው ትላለች፣ ሊባኖስ ስምምነቱ ተጣሰ ትላለች፣ የሚያስገርመው ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ ወረቀት ነው። አንዱ ቦታ ላይ እስራኤል ሊባኖስ ላይ የማጥቃት ዘመቻ አታካሂድም ይላል፣ ወረድ ስትል ደግሞ ሁለቱም ራሳቸውን የመከላከል መብታቸው እንደተጠበቀ ነው ይላል። እሺ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል የሚነዳን ሰው በድሮን መምታት የቱ ጋ ይገባል? ዳኛ የለውም። ያለው ሜካኒዝም የሚሉት ኮሚቴ ነው፣ አሜሪካ ሰብሳቢ ሆና ፈረንሳይ፣ የተመድ ሰላም አስከባሪው ዩኒፊል፣ የሊባኖስ ጦርና የእስራኤል ጦር አሉበት፣ ናቁራ ይሰበሰባል፣ አቤቱታ ይመዘግባል፣ በቃ። የተመድ ሰብአዊ መብት ቢሮ በዚህ አንድ አመት ተኩስ አቁም ውስጥ ቢያንስ 127 ሲቪል ሊባኖስ ውስጥ መገደሉን ተናግሯል። ተኩስ አቁም ውስጥ ነው የምላችሁ።

ደግሞ 60 ቀን ነበር የተሰጠው። በ60 ቀን እስራኤል ትወጣለች፣ የሊባኖስ ጦር ደቡብ ይገባል፣ ሂዝቦላህ ከሊታኒ ወንዝ ሰሜን ይሆናል። ጃንዋሪ 26 ደረሰ፣ አልወጡም፣ ሰዉ ፍራሹን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ቀዬው ሊገባ ሲል ተተኮሰበትና በዛች ቀን ብቻ ከ20 ሰው በላይ ሞተ። ወደ ፌብሩዋሪ 18 ተራዘመ፣ ያም አለፈ፣ እስራኤል ግን አምስት ኮረብታ ላይ እንዳለች ናት፣ ዛሬም።

ጥያቄ፦ ሂዝቦላህ የኢራን ተላላኪ ነው ወይስ የሊባኖስ ፓርቲ? አንዱን ምረጪ።

መልስ፦ አልመርጥም። በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ስትወር የኢራን አብዮታዊ ዘብ ሰዎች ቤካ ሸለቆ ገብተው ነው ያሰለጠኑት። ገንዘቡንም የሂዝቦላህ መሪ የነበረው ናስራላህ ራሱ በ2016 በአደባባይ ተናግሮታል፣ በጀታችንም ደሞዛችንም መሳሪያችንም ከኢራን ነው ብሎ፣ ስለዚህ እሱ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ግን ደግሞ ፓርላማ ውስጥ ወንበር አለው፣ ሆስፒታል አለው፣ ትምህርት ቤት አለው። አል ቃርድ አል ሃሰን የሚባል አበዳሪ አለው፣ ሴትየዋ የአንገት ወርቋን ታስይዝና ዶላር ትወስዳለች፣ በ2019 ባንኮቹ የሰውን ብር ቆልፈው ሲቀመጡ እሱ ይሰራ ነበር። ይሄን ሁሉ ያየ የደቡብ ሰው "ተላላኪ" ብትለው አይገባውም፣ ልጁን ያስተማረለት ድርጅት ነው። እስራኤልም ታውቀዋለች፣ ኦክቶበር 2024 ላይ ቅርንጫፎቹን እየለየች ነው የደበደበችው።

እኔ የምመዝነው ጦርነት የሚከፍተው ማነው በሚለው ነው። ኦክቶበር 8፣ 2023 ለጋዛ ድጋፍ ብሎ ሲተኩስ ሊባኖስ ፕሬዝዳንት እንኳን አልነበራትም፣ ማንንም አልጠየቀም። በሌላ በኩል ጁን 2025 ላይ ኢራን ራሷ 12 ቀን ስትደበደብ አንድ ሮኬት አልተኮሰም። ጌታው ሲመታ ዝም ያለ ተላላኪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፈሪ ሆኖ አይደለም፣ ደክሟል፣ የራሱም ሰው ቤቱ ፈርሶ ከዘመድ ጋር ተደርቦ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ እና ማነው የፈረመው? ሂዝቦላህ ጠረጴዛ ላይ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አሜሪካ ከሂዝቦላህ ጋር አታወራም፣ አሸባሪ ብላ መዝግባዋለች። ስለዚህ የአሜሪካው መልእክተኛ አሞስ ሆክስታይን ቤይሩት ይመጣል፣ አፈ ጉባኤውን ናቢህ በሪን ያገኛል (ሰውዬው ከ1992 ጀምሮ እዛች ወንበር ላይ ናቸው)፣ በሪ ወደ ሂዝቦላህ ይልካሉ፣ መልስ ይመጣል፣ እንደገና ወደ እየሩሳሌም። በ2022 የባህር ድንበሩም የተቋጨው በዚሁ መንገድ ነው። ሆክስታይን ደግሞ እስራኤል ተወልዶ በእስራኤል ጦር ያገለገለ ሰው ነው፣ እዚህ ሀገር የታክሲ ሹፌር ሳይቀር ያውቃታል። እንግዲህ መሳሪያ የያዘው አልፈረመም፣ የተስማማው መንግስት መሳሪያውን አያዝበትም፣ ዋስ የሆነችው አሜሪካ ላንደኛው ወገን ቦምብ ትሸጣለች። ከዛ ለምን አልጸናም ይባላል።

ጥያቄ፦ የሊባኖስ ጦር ሂዝቦላህን ለምን በጉልበት መሳሪያ አያስፈታውም? ጦር አይደል እንዴ?

መልስ፦ የእርስ በርስ ጦርነቱን በቋጨው በ1989 የጣኢፍ ስምምነት ሚሊሻው ሁሉ ሲፈታ ሂዝቦላህ ብቻ ከወረራ ጋር የሚዋጋ ነው ተብሎ ቀረ። እስራኤል በ2000 ወጣች፣ መሳሪያው ግን አልወጣም። በሜይ 2008 መንግስት የስልክ መስመራቸውን ልዝጋ ቢል ታጣቂዎቹ ምእራብ ቤይሩትን በሰአታት ያዙት፣ ያንን ማንም አልረሳም። ጦሩ ውስጥ ሺአው፣ ሱኒው፣ ክርስቲያኑ፣ ድሩዙ ጎን ለጎን ነው የሚሰለፈው፣ አንድ ሰፈር ላይ ተኩስ ብትለው ጦሩ ራሱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ደሞዙም ሊራው ከወደቀ ወዲህ ደሞዝ አይባልም፣ ወታደሩ በእረፍቱ ታክሲ ይነዳል፣ ኳታርና አሜሪካ እየደጎሙት ነው የቆመው።

ግን ምንም አልተሰራም ማለት ስህተት ነው። ጆሴፍ አውን ጃንዋሪ 2025 ፕሬዝዳንት ሆነ፣ ከጦር አዛዥነት ነው የመጣው፣ ኦገስት ላይ ደግሞ ካቢኔው መሳሪያ በመንግስት እጅ ብቻ ይሁን ብሎ ወሰነ። የሺአ ሚኒስትሮቹ ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። በዛው ሰሞን ዋዲ ዚብቂን ላይ የመሳሪያ መጋዘን ሲያጸዱ ፈንድቶ ስድስት ወታደር ሞተ። እና "አይሰሩም" ሲባል እኔን ትንሽ ያመኛል።

ጥያቄ፦ ሻሎም እህታችን፣ ከጽፋት ነኝ፣ ሰሜን እስራኤል። እናንተ ሁሌ የሊባኖስን ጉዳት ነው የምታወሩት፣ እኛ እኮ አዛቃ (የማስጠንቀቂያ ሳይረን) በጮኸ ቁጥር ልጆች ታቅፈን ማማድ (የቤት መጠለያ ክፍል) ስንሮጥ ነው የከረምነው፣ ማማድ የሌለው ደግሞ ደረጃ ስር። ካልተመቱ በምን እንመን?

መልስ፦ ሻሎም ወንድሜ። ልክ ነህ፣ ከሰሜን ብቻ ወደ 60,000 ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነበር፣ ጎላን ኮረብታ ላይ ባለችው መጅደል ሻምስም ኳስ ሜዳ ላይ ሮኬት ወድቆ 12 ልጆች ሞተዋል፣ እሱን ዘልዬ አላወራም። የምጠይቅህ ግን መምታቱ ምን አመጣ የሚለውን ነው። በ1992 እስራኤል የሂዝቦላህን ዋና ጸሀፊ አባስ ሙሳዊን ከነቤተሰቡ ገደለች፣ የተተካው ናስራላህ ሆነ፣ 32 አመት መራ። እሱም ሴፕቴምበር 27፣ 2024 ተገደለ፣ አሁን ናኢም ቃሲም አለ። እውነት ለመናገር የአሁኑ ከድሮው ይለያል፣ ዲሴምበር 2024 ላይ የሶሪያው መሪ አሳድ ስለወደቀ በሶሪያ የሚመጣው መሳሪያ መንገዱ ተዘግቷል፣ ይሄ ከቦምቡም በላይ ነው የጎዳቸው። ግን በዚህ ሰአት ካልተቋጨ መቼ ሊቋጭ ነው?

ጥያቄ፦ እስራኤልም ሊባኖስ ውስጥ የራሷ ሚሊሻ ነበራት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ የደቡብ ሊባኖስ ጦር ይባል ነበር፣ ኪያም እስር ቤት የሚጠብቁትም እነሱ ነበሩ። ሜይ 2000 እስራኤል ስትወጣ በቀናት ውስጥ ፈረሰ፣ ብዙዎቹ ከነቤተሰባቸው ድንበር አልፈው እስራኤል ገቡ።

ጥያቄ፦ ከበፊት ተኩስ አቁሞች የተሻለ የሰራ ነበር?

መልስ፦ ለኔ የ1996ቱ። ሁለቱም ሲቪል አይመቱም የሚል ያልተፈረመ ወረቀት ነበር፣ ታዛቢ ኮሚቴው ውስጥ ግን ሶሪያም ነበረች፣ ማለትም ሂዝቦላህን ተው ማለት የምትችል አንዲት ሀገር ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ፍጹም አልነበረም፣ ተጥሷል፣ ግን ሁለቱም ቢፈርስ ምን እንደሚመጣባቸው ያውቁ ነበር። የ2006ቱ የ34 ቀን ጦርነት ያለቀበት የጸጥታው ምክር ቤት 1701 ውሳኔ ደግሞ በወረቀት ያምራል፣ ከሊታኒ ደቡብ ከመንግስትና ከዩኒፊል ሌላ ታጣቂ አይኖርም ይላል፣ ሂዝቦላህ እዛው ዋሻ ሲቆፍር የእስራኤል ጄቶች ከላይ ሲመላለሱ 17 አመት ሄደ። በ2006ቱ ግን ፍርሃት ነበረ፣ ሁለቱም ጋ። አሁን ፍርሃቱ አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ ይመታል ሌላው ይቀብራል፣ የኔ ስጋት እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ዩኒፊልስ ምን ይሰራል?

መልስ፦ ከ1978 ጀምሮ አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ኦገስት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2026 አራዝሞለታል፣ ከዛ ጠቅልሎ ይወጣል። ተኩስ አያስቆምም፣ ይቆጥራል። ቆጣሪውም ሲሄድ ምን ሊሆን ነው፣ እንግዲህ እናያለን።

ጥያቄ፦ ቤት ሰራተኛ የሆኑት የኛ እህቶች በጦርነቱ ጊዜ እንዴት ሆኑ? ዝም ብላችሁ ፖለቲካ ታወራላችሁ።

መልስ፦ እሺ እናቴ። ሴፕቴምበር 23፣ 2024 ደቡብ በአንድ ቀን ሲደበደብ መንገዱ በመኪና ተዘጋ፣ ከሚሊዮን በላይ ሰው ነው የተፈናቀለው። ማዳሞቹ (አሰሪዎቹ) አንዳንዶቹ ልጅቷን ይዘዋት ወጡ፣ አንዳንዶቹ "ቤት ጠብቂ" ብለው ቆልፈውባት ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ቤይሩት ድረስ አምጥተው መንገድ ላይ አወረዷት፣ ፓስፖርቷ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። መጠለያ የተደረጉት ትምህርት ቤቶች ለሊባኖስ ዜጋ ብቻ ነው እያሉ የውጪ ሰራተኛ መለሱ። ኮርኒሽ ላይ ባህሩ ዳር ካርቶን አንጥፈው ያደሩ ሐበሾች ነበሩ፣ አሽረፊየህ ያለው ቅዱስ ዮሴፍ ቤተክርስቲያን በሩን ከፍቶ የተወሰኑትን አስገባ፣ ቀሪውን ያበሉት ፍሪላንስ (ከማዳም ቤት ውጪ እየኖሩ) የሚሰሩ ልጆች ናቸው፣ በየክፍላቸው አስር አስር እየሆኑ። ማዳም ካልፈረመችልሽ ወረቀት የለሽም የሚለው ከፋላ ሰላም ቀንም ያው ነው፣ ጦርነቱ አደባባይ አወጣው እንጂ።

ጥያቄ፦ የየመን ሁቲዎቹስ? ቀይ ባህር እኛንም ነክቷል እኮ።

መልስ፦ ነክቷል፣ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ መርከብ ሲመቱ የጭነት ዋጋ ጨመረ፣ የኛ እቃ ደግሞ በጅቡቲ ነው የሚመጣው። ሜይ 2025 በኦማን ሽምግልና ከአሜሪካ ጋር ተኩስ አቆሙ፣ እስራኤል ግን ውስጡ የለችም። ይሄም ያው ነው፣ ዋናው ተፋላሚ የሌለበት ስምምነት። በሌላ ቀን በሰፊው።

ጥያቄ፦ እቱ፣ እህቴ ቤይሩት ፍሪላንስ ናት፣ ደቡብ ናባቲየህ ቤት ውስጥ አዳር ስራ በተሻለ ደሞዝ አግኝታለች፣ ትሂድ?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልሄድም። እሷ ከሄደች ግን ቤቱ ከተማው ውስጥ ነው ወይስ ወደ ድንበሩ ያሉ መንደሮች ጋ፣ እሱን ቀድማ ትጠይቅ፣ ይለያያል። ፓስፖርቷን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ኮፒውን አንተ ጋ ታስቀምጥ። የእስራኤል ጦር የአረብኛ ቃል አቀባይ አቪካይ አድራኢ ከመምታታቸው በፊት አንዳንዴ ካርታ ይለቃል፣ የሚመታው ፎቅ ቀይ ተቀብቶ፣ ራቁ ይላል፣ ጽሁፉ አረብኛ ነው፣ ማንበብ ካልቻለች የሰፈሩን ስምና የቤቷን ቅርጽ ከላይ በካርታ እንድታውቀው አሳያት። ሰው እዚህ በረንዳ እየቆጠረ ነው ቤቱን የሚለየው። ደግሞ ሁሌ ማስጠንቀቂያ አይመጣም፣ እሁድ ለት አልመጣም። ደሞዙ ከቤይሩቱ በስንት እንደሚበልጥ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ዶራ አካባቢ አዳር የሚፈልግ ቤት እኔም ልጠይቅላት።