አፓቼ፣ ሚ-24፣ ካ-52፦ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጠየቁ

«ስለ ተዋጊ ሄሊኮፕተር ጠይቁኝ» ባልኩ ማግስት ከፒያሳም ከሆጤም ከኮምቦልቻም ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስለ ራሳችን ጦርነት የመጡትን ግን ትቻለሁ። ቁስሉ ገና አልደረቀም፣ እኔም የማወራው ስለ ማሽኑ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

«ከአፓቼና ከሚ-24 የቱ ይበልጣል? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።» (ሆጤ)

ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ። ሁለቱ ለአንድ ሥራ አልተሠሩም። ሶቪየቶች የፈለጉት የሚበር ብረት ለበስ ነበር፤ ስምንት ወታደር ጭኖ የሚሄድ፣ መውረጃውን በሮኬት የሚጠርግ፣ ሰዎቹን አራግፎ ከላይ የሚጠብቃቸው። በ1969 መጀመሪያ የበረረው ሚ-24 ይኸው ነው። የእኛም አየር ኃይል ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል።

አሜሪካኖችን እንቅልፍ የነሳቸው ደግሞ አውሮፓ ላይ ሊጎርፍ የሚችለው የሶቪየት ታንክ ነበር። ስለዚህ አፓቼ ወታደር አይጭንም። ኮረብታ ወይም ዛፍ ተከልሎ አየር ላይ ይቆማል፣ ብቅ ብሎ ሚሳይሉን ይለቃል፣ ተመልሶ ይሸሸጋል። ሄልፋየር የሚባለውን ፀረ ታንክ ሚሳይል እስከ 16 ያነግባል።

ሚ-24 መቆም አይወድም፣ እየከነፈ ነው የሚመታው። ፍጥነቱ በሰዓት 335 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጎንና በጎኑ ያሉት አጫጭር ክንፎች ሲፈጥን ክብደቱን ያግዙታል። ሲቆም ግን እነዚያው ክንፎች ከላይ የሚወርደውን ነፋስ ይጋርዱበታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወታደር መጫኑ ብዙም አላዋጣም። አብዛኛውን ጊዜ ያንን ክፍል ባዶውን ተሸክሞ ነው የተዋጋው።

«ደሴ ላይ ሄሊኮፕተር ይደክማል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?» (ቧንቧ ውሃ)

ወላሂ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። አዎ፣ ይደክማል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቅጣቱ ድርብ ነው። ከላይ የሚዞረው ክንፍ፣ ማለትም ሮተሩ፣ የሚገፋው አየር ያንሰዋል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያጥረዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

የጫነ መኪና የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት ታውቃላችሁ። መኪናው ማርሽ ቀይሮ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሄሊኮፕተሩ ግን ከነዳጁ ወይም ከሚሳይሉ መቀነስ አለበት። አፍጋኒስታን ውስጥ የሶቪየት ሚ-24ዎች ቀጥ ብለው መነሳት ሲከብዳቸው እንደ አውሮፕላን በጎማቸው ተንደርድረው ይነሱ ነበር። በ2002 አሜሪካኖችም እዚያው አገር ሻሂ ኮት ሸለቆ ላይ ይኸው ደረሰባቸው። ቆሞ መተኮስ የለመደው አፓቼ እየበረረ መተኮስ ግድ ሆነበት። እና የሻጭ መግለጫ ላይ «ይህን ያህል ይጭናል» የሚል ስታነቡ፣ መጀመሪያ «በስንት ሜትር ከፍታ?» በሉ።

«ካ-52 የጭራ ማራገቢያ የለውም። እንዴት ነው የማይሽከረከረው?» (ኮምቦልቻ)

የሩሲያው ካ-52 ላይ ሁለት ሮተር አንዱ ካንዱ በላይ ተደርቦ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። አንዱ አካሉን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ሌላው ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ስለዚህ ለጭራ ማራገቢያ የሚባክን ጉልበት የለም፣ የሞተሩ ኃይል ለማንሳት ይውላል። ተራራ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው የሮተሩ አንገት ረጅምና ውስብስብ መሆኑ ነው።

ሌላው ጉድ ወንበሩ ነው። አደጋ ሲመጣ አብራሪው ወደ ላይ ይስፈነጠራል። «ሮተሩስ አይቆርጠውም?» ትሉ ይሆናል። አብሽሩ! መጀመሪያ ምላጮቹ በፈንጂ ተቆርጠው ይበራሉ፣ ከዚያ ሮኬት ሰውየውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሌላውን የሩሲያ ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሚ-28ን የሠሩት ግን በዚህ አላመኑም። እነሱ ሲወድቅ ድንጋጤውን የሚውጥ ጎማና ወንበር ነው የመረጡት።

«ማን ነው ፊት የሚቀመጠው?»

አፓቼ ላይ ተኳሹ ፊት፣ አብራሪው ከኋላ ከፍ ብሎ። የአውሮፓው ታይገር ላይ በተቃራኒው፣ አብራሪው ፊት። ካ-52 ላይ ጎን ለጎን ናቸው። አፓቼ ላይ የሚገርመው የራስ ቁሩ ነው። ቀኝ ዓይን ፊት ትንሽ መስታወት አለች። ሰውየው ራሱን ሲያዞር ከሆዱ ሥር ያለው 30 ሚሊ ሜትር መድፍ አብሮ ይዞራል። ካ-52 ግን መድፉ ቀኝ ጎኑ ላይ ስለተተከለ ጥቂት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለማነጣጠር ሄሊኮፕተሩ ራሱ ይዞራል።

«በክላሽ ይወድቃል?»

አንዷ ጥይት አትጥለውም፣ ብዛት ግን ያስቸግረዋል። ማርች 24 ቀን 2003 ኢራቅ ውስጥ ካርባላ አካባቢ 30 ያህል የአሜሪካ አፓቼዎች በሌሊት ሄዱ። ከታች ቀላል መሣሪያ ሁሉ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። አንዱ እዚያው ቀረ፣ ሁለቱ አብራሪዎቹም ተማረኩ። የተመለሱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ተበሳስተው ነበር።

«ድሮን መጥቷል፣ ከእንግዲህ ማን ይገዛዋል?» (ሸዋ በር)

አገሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ጃፓን በ2022 መጨረሻ ተዋጊ ሄሊኮፕተሮቿን አስወግዳ በድሮን እንደምትተካ አስታወቀች። ፖላንድ ደግሞ በ2024 በአንድ ውል 96 አፓቼ አዘዘች። ጃፓን ባሕር የከበባት የደሴቶች አገር ናት፣ ፖላንድ ደግሞ ታንክ ሊመጣባት የሚችል ሜዳ።

«በላያችን ሲያልፍ ሚ-24 መሆኑን በምን ልወቅ?» (ኮምቦልቻ)

በድምፅ አትሞክረው፣ ከማመላለሻው ሄሊኮፕተር ከሚ-17 ጋር የሞተር ዘመዳሞች ናቸው። ጎማውን እየው። ከተነሳ በኋላ ከታጠፈ ሚ-24 ነው፣ እንደተንጠለጠለ ከቀረ ሚ-17። ሚ-24 ከፊት አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ ሁለት የመስታወት ጉብታዎችና ወደ ታች ያዘነበሉ ክንፎችም አሉት። ስልክህን ግን ኪስህ ውስጥ ተወው። ወታደራዊ ነገር ፎቶ ማንሳት ጣጣ ነው።