የጓዳ ጥያቄዎች፦ ብራስልስ ስፕራውት ፍሪዘር ውስጥ ለምን ይበላሻል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ አትክልት ናቸው፤ ስለ ብራስልስ ስፕራውት። ያቺ ከእንቁላል የምታንስ፣ ትንሽ ጥቅል ጎመን የምትመስል አትክልት ማለቴ ነው። ወቅቱ ሲሆን በሽ በሽ ይሆናል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይጠፋል። ስለዚህ ሰው በርከት አድርጎ ገዝቶ ማስቀመጥ ቢፈልግ እውነት አለው። እኔም በጣም የምወደው አትክልት ስለሆነ ገጹን ሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ብራስልስ ስፕራውት በብዛት ገዛሁና አጥቤ፣ በፌስታል ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሳወጣው ቢጫ ቢጫ ብሏል። ስቀቅለው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ጣዕሙም መራራ ሆነብኝ። ጓደኛዬ «መጀመሪያ ቀቀል ማድረግ ነበረብሽ» አለችኝ። እኔ ግን መቀቀሉ ቫይታሚኑን የሚጨርሰው ይመስለኛል። የግድ ነው?

መልስ፦ ጓደኛሽ ልክ ናት፣ እህቴ። አትክልት ከተቆረጠ በኋላም ውስጡ ሥራ አይፈታም። ኢንዛይም የሚባሉት ነገሮች ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ቫይታሚኑን ቀስ በቀስ እያፈረሱ ይቀጥላሉ። ቅዝቃዜ ያዘገያቸዋል እንጂ አያስቆማቸውም። ፍሪዘርሽ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ቢሆን እንኳ ሥራቸውን አይተዉም። የሚያስቆማቸው ሙቀት ነው። ፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስገብቶ ማውጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ስለ ቫይታሚኑ የሰጋሽው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ በፈላ ውሃ የተወሰነ ይቀንሳል። ጥሬውን ለወራት ሲቀመጥ የሚጠፋው ግን ይበልጣል። ቢጫው፣ ሽታውና ምሬቱ የመጡብሽም ከዚያው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ረጋ ብዬ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ስትመርጪ ጠጠር ያለውን፣ በጣት ሲጫኑት እሺ የማይለውን፣ አረንጓዴነቱ ያልደበዘዘውን ውሰጂ። ቅጠሉ ላላ ያለው ለዛሬ ምሳ ይሁን፤ ፍሪዘር የደከመን አትክልት አያድስም። የወየቡትን የላይ ቅጠሎች አንሺ። ከሥሩ ያለችውን ጉቶ በስሱ ብቻ ቁረጪ። ብዙ ከቆረጥሽ ቅጠሎቹ የሚይዛቸው ያጣሉ፤ ውሃው ውስጥ ይበተኑብሻል። በቅጠሎቹ መሃል ክሽክሽ ወይም ትንንሽ አባጨጓሬ ሊደበቅ ስለሚችል ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው።

ቀጥሎ በመጠን ለዪው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት እዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹ 3 ደቂቃ፣ መካከለኞቹ 4 ደቂቃ፣ ትልልቆቹ 5 ደቂቃ ይፈልጋሉ። አንድ ላይ ከከተትሻቸው ትንንሾቹ ሲላሽቁ ትልልቆቹ መሃላቸው ገና ጥሬ ነው። በደንብ ያልሞቀ ስፕራውት ደግሞ ጭራሽ ካልተቀቀለው የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ለብ ያለ ሙቀት ኢንዛይሞቹን ከማስቆም ይልቅ ያነቃቃቸዋል።

ውሃው ብዙ ይሁን። ለግማሽ ኪሎ ስፕራውት 4 ሊትር ያህል። ውሃው ሲንተከተክ ጨምሪና ክደኚው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልፈላ፣ አብዝተሻል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ቀንሺ። ሰዓት መቁጠር የምትጀምሪው ውሃው ተመልሶ ሲፈላ ነው።

እዚህ ላይ ጠጋ ብለሽ እዪው። ብዙም ሳይቆይ አፈር አፈር ይል የነበረው አረንጓዴ ድንገት ቦግ ይላል። በቅጠሉ ውስጥ ተይዞ የነበረው አየር ሲወጣ ነው ቀለሙ እንደዚያ የሚደምቀው። ይህንን ማየት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ግን ቀለሙ ደመቀ ብለሽ እንዳታወጪው፤ የደመቀው ላዩ ነው፣ ሙቀቱ ገና መሃል አልደረሰም። ከተጠራጠርሽ ደቂቃው ሲያልቅ ከትልልቆቹ አንዱን አውጪና ለሁለት ሰንጥቂው። እምብርቱ ላይ ያለችው ነጭ ክፍል ትኩስ መሆን አለባት።

እንዳወጣሽው በቀጥታ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይግባ። የበረዶው ክብደት ከስፕራውቱ ክብደት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። በፈላው ውሃ የቆየውን ያህል ደቂቃ እዚህም ይቆይ። ቧንቧ ውሃ ብቻ አይበቃም። ስፕራውት ድፍን ስለሆነ ላዩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ መብሰሉን ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ የሚላሽቀውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አሁንም አንዱን ሰንጥቀሽ እምብርቱ መቀዝቀዙን አረጋግጪ።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ስፕራውት ውሃ ደብቆ የመያዝ ነገር አለበት፤ ላዩ ደርቆ እንኳ በቅጠሎቹ መሃል ያቁራል። እኔ በወንፊት ካጠለልኩት በኋላ ንጹህ ፎጣ ላይ ጉቶው ወደ ላይ፣ የቅጠሎቹ መገጣጠሚያ ወደ ታች ሆኖ እደረድረዋለሁ። ፎጣው በየሥሩ ክብ ክብ እየሆነ ሲርስ ያቋጠረው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ታያለሽ። ይህ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ በረዶ ይሆናል፤ ስታበስዪውም ተመልሶ ውሃ ይሆንብሻል።

ከደረቀ በኋላ ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ። ድንጋይ ሲሆን ወደ ከረጢት ገልብጪው። እንዲህ ካደረግሽ እርስ በርሱ አይጣበቅም፤ የፈለግሽውን ያህል ብቻ ቆንጠር አድርገሽ ታወጫለሽ። ፌስታሉን ግን ተይው። ስስ ነው፤ አየር ያስገባል። ለፍሪዘር የሚሆን ወፍራም፣ ዚፕ ያለው ከረጢት ተጠቀሚ። አየሩን በእጅሽ ገፍተሽ አስወጪና ቀኑን ጻፊበት። ከረጢቱ ውስጥ አየር ከተረፈ አትክልቱ እርጥበቱን እያጣ ላዩ ነጣ ነጣ ይላል፤ ይደርቃል። ይህ ጤና አይጎዳም፤ ጣዕሙን ግን ይወስደዋል።

በአንድ ጊዜም ብዙ አትጫኚበት። ፍሪዘርሽ በየ30 ሊትሩ በቀን 1 ኪሎ ያህል አዲስ ነገር ነው በወጉ የሚያቀዘቅዘው። ከዚያ ሲበዛ ቅዝቃዜው ይዘገያል። ቀስ ብሎ የሚረጋ ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ እነዚያ ቅንጣቶች የአትክልቱን ሥጋ ይቀዳድዱታል። እንዲህ በሥርዓቱ የተቀመጠ ስፕራውት ከ8 እስከ 12 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከፍታ ቦታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ ቶሎ ይፈላል ይባላል። ስለዚህ የመቀቀያውን ደቂቃ መቀነስ አለብኝ?

መልስ፦ ኧረ በተቃራኒው ነው፣ ወንድሜ! ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከባህር ወለል በላይ 1500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ይንተከተካል፣ ግን ሙቀቱ ያንሳል። ከ1500 ሜትር በላይ ከሆንክ ከላይ በጻፍኩት ላይ 1 ደቂቃ ጨምር፤ ለትንንሾቹ 4፣ ለመካከለኞቹ 5፣ ለትልልቆቹ 6 ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪዘር የለኝም። በፍሪጅ ብቻ ስንት ቀን ይቆይልኛል? የእኔ በሦስተኛው ቀን ይወይብብኛል።

መልስ፦ በቤት ፍሪጅ ሳምንት ያህል በደህና ይቆያል። በሦስት ቀን ከወየበ ምናልባት ጎረቤቱ ነው ያበላሸው። ፖም፣ ሙዝ ወይም ቲማቲም አጠገቡ አለ? እነዚህ ፍሬዎች ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ስፕራውትን ደግሞ ኤትሊን ቶሎ ያወይበዋል። ለይተው ያስቀምጡት። ሳያጥቡት፣ አፉ ከፈት ባለ ላስቲክ፣ ከታች ባለው የአትክልት መሳቢያ ውስጥ ያድርጉት። የሚያጥቡት ሊያበስሉት ሲሉ ብቻ ነው። ከነግንዱ ካገኙት ደግሞ አይልቀሙት፤ ግንዱ ላይ እንዳለ ከተለቀመው የበለጠ ይቆያል። የላይ ቅጠሉ ቢወይብም ለመጣል አይቸኩሉ፤ አንድ ሁለት ቅጠል ሲያነሱ ሥሩ ደህና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የሚያዳልጥ ከሆነ ወይም ከሸተተ ግን ይጣል።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ አደረ። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ስፕራውት ለስለስ ብሏል። መልሼ ላቀዝቅዘው ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አትክፈቺ። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ድረስ የሞላው 24 ሰዓት ያህል። ሁኔታውን ለማወቅ አንዱን ቆርጠሽ እዪው። መሃሉ ላይ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለ ወይም ፍሪጅ ውስጥ እንዳደረ ነገር ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ማለትም ከ4 ዲግሪ ካላለፈ፣ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ላላ ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለሾርባ መድቢው። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ለብ ካለ ግን ጣዪው። ፍሪዘር ጀርሞችን አይገድልም፤ ያስተኛቸዋል እንጂ። ሲሞቃቸው ይነሳሉ። እዚህ ላይ «ያሳዝናል» ብሎ ማትረፍ የለም።

ጥያቄ፦ አባቴ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ። ስፕራውት በጣም ይወዳሉ። ከቀዘቀዘ በኋላስ ያሰጋቸዋል?

መልስ፦ መጠየቅህ ተገቢ ነው። ስፕራውት ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። ማቀዝቀዙ ይህን አይለውጠውም። ዋናው ነገር መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው። ፍሪዘሩ ሞልቷል ተብሎ አንድ ሰሞን በየቀኑ በልተው ከዚያ ጨርሶ መተው አይሆንም። ምን ያህል እንደሚበሉ ለሐኪማቸው ይንገሩና እሱ በሚላቸው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በሥርዓቱ አቀዝቅዤዋለሁ፤ ችግሬ ማብሰሉ ላይ ነው። አቅልጬ ስቀቅለው ይላሽቃል፣ ይሸታልም። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ከጠረጴዛው ይነሳሉ። አንዳንዱ ሰው ጉቶው ላይ በቢላ መስቀል ምልክት አድርጊበት ይለኛል።

መልስ፦ አታቅልጪው። ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ እሳት ነው። ሲቀልጥ ያዘለው ውሃ ሁሉ ወጥቶ ሥጋው ይላላል። ደግሞም አስቀድሞ በከፊል በስሏል፤ እንደ ጥሬ ከቆጠርሽው ማላሸቅሽ አይቀርም። ሽታው የሰልፈር ነው። የጎመን ዘር ሁሉ ሰልፈር ያለባቸው ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ብዙ በተቀቀለ ቁጥር እየፈረሱ ያን የምታውቂውን ሽታ ያወጣሉ። መስቀሉን ተይው። ጉቶውን ስትሰነጥቂ ውሃ ይገባበታል፤ የምንሸሸውም ውሃውን ነው።

ለልጆች እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ኦቭን ነው። ኦቭኑን 220 ዲግሪ ላይ ስታግዪው ባዶው ትሪም አብሮ ውስጡ ይጋል። ስፕራውቱን በረዶ እንደሆነ በዘይት ለወስ አድርጊና የጋለው ትሪ ላይ አራርቀሽ በትኚው። ቸስ ማለት አለበት። ከተቀራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ አጋማሽ ላይ አገላብጪው። ጨውና ትንሽ ሎሚ ሲወጣ ጨምሪበት። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ጣፈጥ ይላል።

ልጅነታቸው ላይ ስፕራውት መሮባቸው እስካሁን የሚሸሹ ወላጆችም ካሉ ደግመው ይሞክሩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ምሬቱን የሚያመጡትን ንጥረ ነገሮች ለዩ፤ ሲኒግሪንና ፕሮጎይትሪን ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ዘር አምራቾች ምሬታቸው ያነሰ ዝርያዎችን አራቡ። አሁን ገበያ ላይ ያለው የድሮው አይደለም።

ኦቭን ከሌለሽ በእንፋሎት አብስዪው፤ በውሃ አትቀቅዪው። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ድረስ እያየሽ፣ ቢላ ሳይታገል ሲገባለት አውጪው። ከዚያ በጋለ መጥበሻ ላይ በቅቤ ወይም በዘይት አንዱን ጎኑን ብቻ ጠበስ አድርጊና አቅርቢላቸው።