ሳይቴሽን ጥያቄያችሁን አይምረጥላችሁ

ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም የሚደውሉልኝ ወጣት የጂኦግራፊ መምህራን ሰሞኑን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ኤች-ኢንዴክሴ ከፍ አላለም፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ምን እያጠኑ እንደሆነ የሚነግሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ያሳስበኛል። ዕድሜዬን በሂዩማን ጂኦግራፊ፣ ሰውና የሚኖርበት ቦታ ያላቸውን ግንኙነት በሚያጠናው ዘርፍ፣ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የማምንበትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን በደንብ እወቁት። ኤች-ኢንዴክስ የአንድ ተመራማሪ የምርምር ጽሑፎች (ፔፐሮች) በሌሎች ጽሑፎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ፣ ማለትም ሳይቴሽናቸውን፣ የሚለካ ቁጥር ነው። ኤች-ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሆርሄ ኸርሽ የተባለ የፊዚክስ ምሁር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ 4 የሚሆነው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ፔፐሮች ኖሯችሁ፣ ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ከሌሏችሁ ነው። ፔፐሮቻችሁን በብዛት ከተጠቀሰው ጀምራችሁ ደርድሩ። ሰባት ፔፐር አለኝ እንበል፤ 12፣ 9፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። አራተኛው 5 ጊዜ ስለተጠቀሰ፣ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ አራት ፔፐሮች አሉኝ። አምስተኛው ግን 4 ላይ ቆሟል፤ 5 አልሞላም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሴ 4 ነው። አሁን የመጀመሪያው ፔፐር በ12 ፈንታ 1,200 ጊዜ ቢጠቀስስ? ያው 4 ነው። አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራውን በአንድ መጽሐፍ ቢያወጣ ደግሞ፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢጠቀስ ቁጥሩ ከ1 አያልፍም።

የእኛ ሙያ ደግሞ መጽሐፍ የሚጻፍበት ሙያ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከሚጠቀሱት የዘርፉ ምሁራን አንዱ የሆነው ዴቪድ ሃርቪ ስሙ የገነነው በመጽሐፎቹ ነው። የእኛው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ረሃብን ከዝናብ መጥፋት አሻግረው፣ ገበሬውን ከሚያራቁተው ሥርዓት ጋር አያይዘው ያሳዩን በመጽሐፍ ነው። ይህን መሰሉን ሥራ በኤች-ኢንዴክስ ልመዝነው ብትሉ መለኪያው አይችለውም። እሱ ብቻ አይደለም፤ የምርምር ጽሑፎችንና ጥቅሶቻቸውን በሚመዘግቡት በጉግል ስኮላርና በስኮፐስ አንድ ሰው ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና ሪፖርት ሳይቀር ይቆጥራል። ስኮፐስ ግን መርጦ የሚያስገባቸውን፣ በተለይም ጆርናሎችን ነው የሚቆጥረው። በአማርኛ የተጻፈ ጥናትማ በሁለቱም ዘንድ ብዙም አይገኝም።

ታዲያ ቁጥሩን ናቁት እያልኩ አይደለም። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ያየዋል፣ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ሰጪም ያየዋል። የደከማችሁበት ሥራ በስማችሁ ይመዝገብ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብዙ ይጎዳል። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ ብንወስድ፣ አንዱ ጆርናል አባቱን የቤተሰብ ስም አድርጎ «ከበደ» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሌላው «አበበ» ይለዋል። «ፀሐይ»ን በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንዳችን በቲ፣ ሌላችን በኤስ እንጀምራለን። በዚህ የተነሣ የአንድ ሰው ሥራ ለሦስት ሰው ይከፋፈላል። ከመጀመሪያው ፔፐራችሁ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ያዙ፣ አትለዋውጡ። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያም ዛሬውኑ አውጡ፤ ክፍያ የለውም።

«ፔፐርዎን በአንድ ሳምንት እናወጣለን» እያለ በኢሜይል የሚያባብላችሁን ጆርናል አትመኑ። ገንዘባችሁንም ስማችሁንም ይበላል። ጥቀሰኝ ልጥቀስህ ተባብሎ ቁጥር መቆለልም ያው ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ ርዕስ መምረጥ ጀምሯል። የሳተላይት ምስል አውርዶ የመሬት ሽፋን ለውጥ መሥራት ፈጣን ነው፣ ጥቅስም ቶሎ ያመጣል። ስለዚህ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። የአዊ ዞኑን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ተመልከቱ። ከላይ በሳተላይት ስታዩት አረንጓዴው ሰፍቷል፤ «የደን ሽፋን ጨመረ» ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ወርዳችሁ ስታዩት ግን ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው በእርሻ ማሳው ላይ ተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ የሚሸጠው ዛፍ። ለምን ከሰብል ወደ ዛፍ ዞረ? የአፈሩ አሲዳማነት አለ፣ የማዳበሪያ ዋጋ አለ፣ ጉልበት አለ፣ የአዲስ አበባ የከሰል ገበያ አለ። ትከሉ ያለው ማነው፣ አባት ወይስ ልጅ? ከከሰሉ ገንዘብ ሚስት በምን ያህሉ ላይ ታዛለች? በኋላ ዛፉን በሽታ ሲመታው ማን ቻለው፣ ማን ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ? ይህን ምስሉ አይነግራችሁም። የሂዩማን ጂኦግራፊ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ስለ መሬት ይዞታ ስጠይቅ፣ አንዲት እናት ከሳጥን ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር አወጡልኝ። የእሳቸውና የባላቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። አዋሳኞቹ በስም ተጽፈዋል። እሳቸው ግን ጣታቸውን አንዱ አዋሳኝ ላይ አድርገው፣ «ይኼ ሞቷል፤ አሁን የሚያርሰው ሌላ ነው፤ ድንበሩም ገፋ ብሏል» አሉኝ። መጠይቄ ላይ «ደብተር አለዎት? አዎ/የለም» የሚል ሳጥን ብቻ ነበር። እሳቸው ካሉት የወጣው ጽሑፍ ብዙ ጥቅስ አላገኘም። ከጻፍኳቸው ሁሉ ግን አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ የወረዳው የመሬት ባለሙያዎች ተቀባብለው አንብበውታልና። የእነሱን ንባብ የሚቆጥር ማሽን የለም።

ስለዚህ ይህን አድርጉልኝ። እያንዳንዱን ፔፐር ስትጨርሱ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጻፉና ላጠናችሁት ቀበሌና ወረዳ መልሱ። መረጃ የሰጧችሁ ሰዎች ምን እንደተጻፈ የማወቅ መብት አላቸው። ስትጠቅሱም እዚሁ አገር የተሠራውን አትዝለሉ፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ ላይ የተኙ ጥሩ ጥሩ የማስተርስ ጽሑፎች አሉ። እኛ ካልጠቀስናቸው ማን ይጠቅሳቸዋል?

ጥር ላይ አዝመራው ገብቶ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ ፊልድ ውጡ። መጠይቃችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።