ቫር (በቪዲዮ የታገዘ ዳኝነት) እያለ የተሳሳተ ዳኛ ሁሉ ጉቦ በልቷል?

«ምስሉን ደጋግሞ አይቶ ከተሳሳተማ ተከፍሎታል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ አልስማማም። በፈረንጆቹ 2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የተሻረውን የሉዊስ ዲያዝ ጎል አስታውስ። ረዳት ዳኛው ከጨዋታ ውጭ ብሎ ባንዲራ አነሳ። የቪዲዮ ዳኛው ምስሉን አይቶ ጎሉ ትክክል መሆኑን ተረዳ፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ የጸደቀ መስሎት «ማጣራቱ ተጠናቋል» አለ፤ ይህም የሜዳውን የተሳሳተ ውሳኔ አጸናው። ሲነቃ ጨዋታው ቀጥሏል፤ ደንቡ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስን አይፈቅድም። በኋላ ይፋ በሆነው የድምፅ ቅጂ የሚሰማው ድንጋጤ ነው። ጉቦ የበላ ሰው እንደዚያ አይርበተበትም።

ጥርጣሬህ መሠረት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ጀርመናዊው ዳኛ ሮበርት ሆይዘር ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብሎ ጨዋታ በማዛባቱ በ2005 እስራት ተፈርዶበታል። በጣሊያኑ የ2006 ቅሌት ዩቬንቱስ ወደ ሁለተኛው ሊግ ሴሪ ቢ የወረደው ኃላፊዎቹ በዳኞች ምደባ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር ሲሞክሩ በመያዛቸው ነው። ሆይዘርን የጠቆሙት የገዛ የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጣሊያኖቹን ያጋለጠው የተጠለፈ ስልክ ነው። ስለዚህ እኔ ብጠረጥር የማጣራው የውሳኔውን ድጋሚ ምስል ሳይሆን ዳኛውን ማን እንደመደበውና ከማን ጋር እንደሚደዋወል ነው።