የታሪክ ተማሪ ምርምር የት ያገኛል?

የሳይንስ ልጆች ላብራቶሪ ገብተው ምርምር ይሠራሉ፣ እኛ የታሪክ ተማሪዎችስ በየት እንግባ ላልሽው፦

ማስታወቂያ አትጠብቂ። በእኛ ዘርፍ ሥራው ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ስለሆነ ክፍት ቦታ ብሎ የሚለጥፍ እምብዛም የለም። ግን መምህራን እጅ ያጥራቸዋል። የግርጌ ማስታወሻ የሚያመሳክር፣ የቃለ መጠይቅ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ፣ ለመጽሐፍ የቃላት ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያስተማረሽን መምህር አንድ ጽሑፉን አንብበሽ አናግሪው። "ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ" ብቻ ካልሽ "እሺ፣ እናያለን" ትባያለሽ። "የጠቀሷቸውን ደብዳቤዎች ሳነብ ይህ ጥያቄ መጣብኝ፣ በሳምንት 4 ሰዓት ላግዝዎት እችላለሁ" ካልሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱንም እንዳትረሺ! የሰነድ ክፍል ሠራተኞች ማንም ያልነካው ሳጥን የት እንዳለ ያውቃሉ። እኔ የመመረቂያ ርዕሴን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ የአንድ ነጋዴ የዕዳ መዝገብ ነበር፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ "ልጇ ስለታመመባት ተውኩላት" የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን መተው አልቻልኩም።

እስከዚያው ዙኒቨርስ (Zooniverse) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የእጅ ጽሑፍ የሚገለበጥባቸውን ፕሮጀክቶች ሞክሪ። ነፃ ነው፣ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ዐይንሽም የድሮ አጻጻፍ ይለምዳል።