ሜገሩ ደህና ያለው ሞተር ለምን ይቃጠላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሞተር ጥምጥም ኢንሱሌሽንን በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለመፈተሽ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት ፌዝ የ400 ቮልት ሞተር አዲስ ጠምጥሜ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ስለካው ከ200 ሜጋ ኦም በላይ አሳየኝ። ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አንዱ ኮይል ጠቁሮ ተገኘ። ሜገሩ አሳስቶኝ ነው?

መልስ፦ ሜገሩ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። አንዱ ገመድ ከጥምጥሙ፣ ሌላው ከቦዲው ጋር ሲገናኝ የሚለካው በመዳቡና በብረቱ መካከል ያለው ብቻ ነው፤ ማለትም የስሎት ወረቀቱ፣ ቫርኒሹ፣ እርጥበቱና ቆሻሻው። በአንድ ኮይል ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ዙሮች ለሜገሩ አንድ ሽቦ ናቸው። ሁለቱም እኩል ቮልቴጅ ላይ ስለሚቀመጡ በመካከላቸው ያለው ኢናሜል (የሽቦው ሽፋን) ሙሉ በሙሉ ቢላጥም የሚፈስ ካረንት የለም። በሃይፖት፣ ማለትም ኢንሱሌሽንን በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚፈትሸው መሣሪያ፣ 3000 ቮልት ቢሰጡትም ውጤቱ ያው ነው።

አንድ ኮይል ብቻውን መጥቆሩ በአብዛኛው የዙር ለዙር ሾርት ምልክት ነው። ሾርት የሆነው ዙር የተዘጋ ቀለበት ስለሚሆን እንደ ትራንስፎርመር ሰከንደሪ ይሠራል፤ በውስጡ የሚዞረው ካረንት ከሞተሩ መደበኛ ካረንት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሙቀቱም ጎረቤቶቹን ያቃጥላል። ኦም መለካትም አያድንም፤ አንድ ፌዝ 100 ዙር ቢኖረውና አንዱ ቢያጥር ለውጡ 1 በመቶ ነው፣ ተራ ማልቲሜትር ደግሞ ይህን አይለይም።

ጉዳቱ ሲጠመጠም ሳይታይ የሚያልፍበትም ምክንያት አለ። በተለመደው የአየር ግፊት ክፍተቱ ምንም ያህል ቢጠብ ብልጭታ ለመዝለል ቢያንስ 330 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ኢናሜሉ ተፍቆ ሽቦዎቹ ግን ካልተነካኩ፣ ሞተሩ ሲዞር በሁለት ዙሮች መካከል ያሉት ጥቂት ቮልቶች ምንም አያደርጉም። ኮንታክተር (የሞተሩ ማብሪያ) ሲዘጋ ወይም ድራይቭ (የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ሲነዳው ግን በጣም ቀጥ ያለ የቮልቴጅ ሞገድ ይመጣል፤ ሞገዱ በጥምጥሙ እኩል ስለማይከፋፈል አብዛኛውን የሚሸከሙት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ናቸው። የተፋቀው ቦታ እዚያ ከሆነ ብልጭታው ይዘላል። ይህን አስቀድሞ የሚያሳየው ሰርጅ ቴስት፣ ማለትም ጥምጥሙን በእንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞገድ መፈተሽ ነው። አዲስ የተጠመጠመ ሞተር ያለ እሱ ከወርክሾፕ ባይወጣ እንመርጣለን። ቢቻል ደግሞ ቫርኒሽ ከመነከሩ በፊት ይፈተሽ፤ በዚያ ሰዓት ጥፋቱ ቢገኝ አንዱን ኮይል መቀየር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሰርጅ ቴስተር ራሴ ልሠራ አስቤያለሁ። ኤሌክትሮኒክስ እችላለሁ። ሰርኪቱ ምን ምን ይፈልጋል? ሞገዱስ እንዴት ይነበባል?

መልስ፦ ሐሳቡ ቀላል ነው። ካፓሲተር በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል፣ ከዚያ በቅጽበት በጥምጥሙ ላይ ይለቀቃል። ካፓሲተሩና የጥምጥሙ ኢንዳክታንስ እየተቀባበሉ የሚረግብ ሞገድ ይፈጥራሉ፣ ኦሲሎስኮፑ ያንን ያሳያል።

ለ400 ቮልት ሞተር ብዙ ወርክሾፖች የሚጠቀሙት የፍተሻ መጠን የቮልቴጁ ሁለት እጥፍ ሲደመር 1000 ነው፤ 1800 ቮልት ማለት ነው። 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይውሰዱ፤ ለ3 ኪሎ ቮልት የተሠራ፣ ተደጋጋሚ ድንገተኛ ልቀት የሚችል የፖሊፕሮፒሊን ዓይነት ይሁን። በ1800 ቮልት የሚይዘው ኃይል 0.16 ጁል ገደማ ነው። የጥምጥሙ ኢንዳክታንስ 10 ሚሊ ሄንሪ ቢሆን ሞገዱ ወደ 5 ኪሎ ኸርዝ፣ የካረንቱ ጫፍ ደግሞ ወደ 5.7 አምፔር ይሆናል። ማብሪያው ይህን መቻል አለበት።

ለማብሪያው 1200 ቮልት የሚችሉ ሦስት ታይሪስተሮች (ጌት በሚባለው ጫፍ የሚበሩ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች) በተከታታይ ይበቃሉ። ሁለቱ በወረቀት ላይ 2400 ቢሞሉም ቮልቴጁ እኩል ካልተካፈለ አንዱ ቀድሞ ይሞታል፣ ሌላው ወዲያው ይከተላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ እኩል ዋጋ ያለው ሬዚስተር በትይዩ ይታሰር፤ ጌቶቹም በአንድ ፐልስ ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ ይነዱ። ሞገዱ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያልፍበት ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ በትይዩ ካልገባ የሚያዩት ግማሽ ሞገድ ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በመሙያው ሬዚስተር ላይ ነው። ቶሎ እንዲሞላ ብለው 100 ኪሎ ኦም ቢያስገቡ ታይሪስተሩ ከተኮሰ በኋላ 18 ሚሊ አምፔር በእሱ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። ይህ ብዙ ታይሪስተሮችን ሳይጠፉ ይዞ ለማቆየት ስለሚበቃ መሣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሶ ይቆማል። በ330 ኪሎ ኦም ካረንቱ ወደ 5.5 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፤ ካፓሲተሩም በ0.17 ሰከንድ ገደማ ስለሚሞላ በሰከንድ አምስት ምት ይገኛል። እሱንም በአንድ ሬዚስተር አይሥሩት፤ ባለ 1 ዋት አሥር 33 ኪሎ ኦም በተከታታይ ያድርጉ። እያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 180 ቮልት ብቻ ይሆናል።

በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ ቀጥታ 10 ሜጋ ኦም በቋሚነት ይበየድ። ኃይል ሲቋረጥ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ያራግፈዋል። ይህ ሬዚስተር በማብሪያ በኩል ማለፍ የለበትም፤ በፒንና ሶኬት ላይም አይቀመጥ።

ተራው የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ 1800 ቮልት አይችልም፤ 100 ለ1 የሚያካፍልና 2 ኪሎ ቮልት የሚችል ፕሮብ ያስፈልጋል። ለዲሲ መለኪያ የተሠራ የ100 ሜጋ ኦም ማካፈያ ለዚህ አያገለግልም፤ በሬዚስተሮቹ ዙሪያ ያለው ጥቃቅን ካፓሲታንስ የሞገዱን ቅርጽ ያዛባዋል።

አሁን ወደ ንባቡ። ቦዲውንና ያልተፈተሹትን ጫፎች ከግራውንድ ጋር ያገናኙና ሦስቱን ፌዞች በየተራ ይፈትሹ፤ ሞገዶቹ እርስ በርስ መደራረብ አለባቸው። ዙር ያጠረበት ፌዝ ኢንዳክታንሱ ስለሚቀንስ ሞገዱ ይፈጥናል፣ በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ይጠጋል። ኢንዳክታንሱ በ5 በመቶ ቢቀንስ ፍጥነቱ በ2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚጨምር መጀመሪያ ላይ ሳይሆን ከሦስተኛውና ከአራተኛው ጫፍ በኋላ ይመልከቱ፤ ልዩነቱ እየተጠራቀመ እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ሦስቱ ፌዞች ስላልተደራረቡ ብቻ ግን ሞተሩን አይጣሉ። ሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ውስጥ ካለ በእጅ ትንሽ ያዙሩት፤ ልዩነቱ አብሮ ከተለወጠ ምክንያቱ ሮተሩ ነው። በኮንሰንትሪክ አጠማጠም (ኮይሎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲቀመጡ) ደግሞ የኮይሎቹ ስፋትና አቀማመጥ ስለሚለያይ ጤነኛ ፌዞችም በጥቂት በመቶ ይለያያሉ። እኛ የበለጠ የምናምነው አንዱን ፌዝ ከራሱ ጋር ማወዳደርን ነው። በ500 ቮልት ይጀምሩና በየ100 ቮልቱ ከፍ ያድርጉ። ቁመቱ እያደገ ጫፎቹ በቦታቸው ከቆዩ ጤነኛ ነው። በ1300 ቮልት ላይ ድንገት ወደ ግራ ከዘለለ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ በዚያ ቮልቴጅ ብልጭታ ተጀምሯል ማለት ነው። ወዲያው ዝቅ ያድርጉ፤ መደጋገሙ የተዳከመውን ቦታ ይበልጥ ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ለዲሲ ሃይፖት አራት እርከን ያለው የዳዮድና ካፓሲተር ቮልቴጅ አባዢ ሠራሁ። ባዶውን 3200 ቮልት ይሰጣል፣ ጥቂት ካረንት ስስብበት ግን ይወድቃል። ዳዮዶቹም ይሞቃሉ።

መልስ፦ የአባዢው ውድቀት የሚወሰነው ካረንቱ ለፍሪክዌንሲና ለካፓሲተር ብዜት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። በአራት እርከን ያ ቁጥር በ50 ይባዛል። በ10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተሮችና በ25 ኪሎ ኸርዝ፣ ለ1 ሚሊ አምፔር ቁጥሩ 4 ቮልት ነው፤ ውድቀቱ 200 ቮልት ይሆናል። ይህ ይቻላል። በዚሁ ካፓሲተር ከ50 ኸርዝ መስመር ቢነዱት ግን ቁጥሩ 2000 ቮልት ስለሚደርስ አባዢው ምንም ጭነት አይሸከምም። እርከን መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ ውድቀቱ የሚያድገው በእርከኑ ቁጥር ኪዩብ ነው። ፍሪክዌንሲውን ወይም ካፓሲተሩን ያሳድጉ።

የዳዮዶቹ ሙቀት የሚመጣው 1ኤን4007 ስለተጠቀሙ ይመስለናል። ያ ዳዮድ ለ50 ኸርዝ ነው፤ በ25 ኪሎ ኸርዝ አቅጣጫው ሲቀየር ቶሎ አይዘጋም። ዩኤፍ4007 በ75 ናኖ ሰከንድ ይዘጋል። እያንዳንዱ ዳዮድ የመግቢያውን ጫፍ ሁለት እጥፍ መቋቋም አለበት፤ ለ3080 ቮልት ውጤት መግቢያው 410 ስለሚሆን 820 ቮልት ይደርስበታል፣ 1000 ቮልት የሚችለው ይበቃል።

የመለኪያውን ማካፈያ በአንድ 100 ሜጋ ኦም ሬዚስተር አይሥሩ። አሥር ባለ 10 ሜጋ ኦም በተከታታይ ሲሆኑ በ3000 ቮልት እያንዳንዱ 300 ቮልት ይሸከማል። እዚህ የሚገድለው ዋቱ ሳይሆን ቮልቴጁ ነው፤ ሙቀቱማ ከ10 ሚሊ ዋት በታች ነው። ማይክሮ አምፔር ሜትሩን በግራውንድ መመለሻ በኩል ያስገቡ፤ ብልጭታ ሲከሰት እንዳይቃጠል በተቃራኒ አቅጣጫ የተገናኙ ሁለት ዳዮዶች በትይዩ ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ የኤሲ ሃይፖታችን 5 ሚሊ አምፔር ላይ እንዲዘጋ ተደርጓል። ትንንሾቹ ሞተሮች ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ ሁሉ ይወድቃሉ። ሁሉም ተበላሽተው ነው?

መልስ፦ ላይሆኑ ይችላሉ። ጥምጥሙና ቦዲው ራሳቸው ካፓሲተር ናቸው፣ ኤሲ ደግሞ በካፓሲተር ያልፋል። 10 ናኖ ፋራድ ያለው ሞተር በ1800 ቮልትና በ50 ኸርዝ ጤነኛ ሆኖ ሳለ 5.65 ሚሊ አምፔር ይስባል። መጀመሪያ ካፓሲታንሱን ለክተው የሚጠበቀውን ካረንት ያስሉ፤ መዝጊያውን ከዚያ በላይ ያድርጉት፤ መሣሪያው ያንን ያህል ካልሰጠ በዲሲ ይፈትሹ። የዲሲው መጠን የኤሲው 1.7 እጥፍ ስለሆነ ለ1800 የሚመጣጠነው 3060 ቮልት ነው። በየ500 ቮልቱ ለአንድ ደቂቃ እያቆሙ ካረንቱን ይመዝግቡ፤ ከቮልቴጁ ጋር በተመጣጠነ መንገድ መጨመሩን ትቶ ከዘለለ ያቁሙ።

1800 ቮልት ለአዲስ ጥምጥም ነው። በዓለም አቀፉ የሞተር መስፈርት በአይኢሲ 60034-1 መሠረት ሙሉው ፍተሻ ከተደገመ በ80 በመቶው ይሆናል፤ ሳይጠመጠም ተጠግኖ ለተመለሰ የ400 ቮልት ሞተር ደግሞ 1000 ቮልት ነው። ያረጀውን በአዲስ መጠን መፈተሽ ሊሠራ የሚችለውን ሞተር መግደል ነው።

ጥያቄ፦ ከማይክሮዌቭ ምድጃ የወጣ ትራንስፎርመር አለኝ፤ 2000 ቮልት ይሰጣል። ለሃይፖት ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይጠቀሙበት። ሰከንደሪው በብዙ መቶ ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ ለሰው ልብ ግን ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ይበቃዋል። ለሞተሩም አይሆንም። ኢንሱሌሽኑ ደካማ ቦታ ካለው፣ በካረንት የተገደበ መሣሪያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ምልክት ትቶ ይዘጋል፤ ይኼ ትራንስፎርመር ግን ብረቱን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ፈታሽ መሣሪያ ጥፋትን ማግኘት እንጂ ማስፋት የለበትም።

ጥያቄ፦ እርጥበት ያገኘው ሞተር በ20 ዲግሪ 15 ሜጋ ኦም አሳየ። ቢያንስ 5 ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ 5 ሜጋ ኦም ከ1000 ቮልት በታች ለሆኑ ሞተሮች የተቀመጠው በ40 ዲግሪ፣ በአንድ ደቂቃ ንባብ ነው። በተለመደው ስሌት በየ10 ዲግሪው ንባቡ በግማሽ ይቀንሳል፤ የእርስዎ 15 በ40 ዲግሪ 3.75 ስለሚሆን አያልፍም። ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ቀስ ብለው ያድርቁትና በየሰዓቱ ይለኩ። ሲሞቅ ንባቡ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ይህ አያስደንግጥዎት። እርጥበቱ ሲወጣ ይነሳና አንድ ቦታ ላይ ይረጋል፤ የደረቀው ሲረጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ከድራይቭ ጋር ተያይዞ እያለ ሜገር ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ የድራይቩን መውጫ ያቃጥላል። ገመዱን ከድራይቩ ይንቀሉ፣ የሰርጅ መከላከያና ካፓሲተር ካለም ያላቅቁ። በጥምጥሙ ውስጥ የተቀበሩትን የቴርሚስተር (የሙቀት መከታተያ) ገመዶች እርስ በርስ አገናኝተው ከቦዲው ጋር ያስሩ።

ጥያቄ፦ ሜገሩን አንስቼ ጫፉን ስነካው ነዘረኝ። መሣሪያው ጠፍቶ ነበር።

መልስ፦ የነዘረዎት ጥምጥሙ ነው። በዲሲ ሲሞላ ኢንሱሌሽኑ ውስጡ ድረስ ቀስ ብሎ ቻርጅ ይይዛል፤ ጫፎቹን ለአፍታ አገናኝተው ቢለቁ ያ ቻርጅ ተመልሶ ይወጣና ቮልቴጁ እንደገና ይነሳል። መጀመሪያ በሬዚስተር፣ ቀጥሎ በቀጥታ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ያገናኙት፤ ቮልቴጅ ከሰጡበት ጊዜ ቢያንስ አራት እጥፍ ይቆይ። የ10 ደቂቃ ፍተሻ ካደረጉ 40 ደቂቃ ማለት ነው። ጊዜው ሳይሞላ የግራውንድ ሽቦውን አያንሱ፤ ሽቦውን ካነሱ በኋላም ጫፉን ከመንካትዎ በፊት በቮልት ሜትር ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ።